የሚገባው ትኩስ፣ የሚወጣው ቀዝቃዛ

የመንጃ ፈቃድ አስተማሪው መኪና ማሞቂያ ለብ ያለ አየር መንፋት ከጀመረ ሁለተኛ ብርዱን ይዟል። ጨርሶ ቀዝቃዛ ቢሆን ሰው ተበላሽቷል ብሎ ቁርጡን ያውቃል፤ ትኩስ ቢሆን ደግሞ ነገር የለም። ይሄ ግን እንደ ሰው ትንፋሽ ነበር፤ ተስፋ ይሰጣል እንጂ አያሞቅም። ጠዋት ጠዋት የፊት መስታወቱ ጉም ይለብሳል፣ ተለማማጁ በአንድ እጁ መሪ እየያዘ በሌላው በእጅጌው መስታወት ይጠርጋል፣ አስተማሪው ደግሞ ከጎን ሆኖ ይጮሃል።

ተለማማጆቹ ጋሽ ቀስ ይሉታል። መኪና ውስጥ ከገቡበት ደቂቃ ጀምሮ እስኪወርዱ ድረስ «ቀስ! ቀስ! ቀስ በል አልኩህ እኮ!» ስለሚል ነው። የሚያስቀው ነገር፣ ያችን «ቀስ» የምትል ቃል እሱ ራሱ አንድ ቀን እንኳ ቀስ ብሎ ተናግሯት አያውቅም። ሃያ ዓመት አስተምሯል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ከመኪናው ሲወርድ ድምፁም አብሮ ይወርዳል፤ ያስለቀሰውን ተለማማጅ ትከሻ መታ መታ አድርጎ «ነገ ይሻላል» ይላል፤ ደግሞም የእውነቱን ነው።

ማሞቂያውንም ዝም ብሎ አልተወውም። አብሮ አደጉ የሆነው መካኒክ መጀመሪያ «ቴርሞስታቱ ነው፣ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው» አለና ቀየረው፤ አየሩ ለብ እንዳለ ቀረ። ቀጥሎ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ማራገቢያ ቀየረው፤ ያን ጊዜ ለብ ያለው አየር በኃይል መንፋት ጀመረ። በሦስተኛው መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እንግዲህ ምን ልበልህ፣ መኪናም እንደ ሰው ነው፤ ሲያረጅ ደሙ ይቀዘቅዛል» አለ። ጋሽ ቀስ ይህን እንደ መጨረሻ ፍርድ ተቀብሎ ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ብርድ ልብስ አኖረ።

በዚያ ሰሞን ከተለማማጆቹ አንዷ የስልሳ ዓመት ሴት ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። እዚያ እትዬ እንፋሎት ነበር የሚሏቸው፤ ስሙ እስከ ሰፈር ድረስ ተከትሏቸው መጣ። የሞቀ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ሲያንኳኳ ከሰሙ፣ ከሚያጥፉት አንሶላ ቀና ሳይሉ «ያ ሦስተኛው ነው፣ ውሃ ቋጥሯል» ይሉ ነበር ይባላል። ልጆቻቸው «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ መኪና መንዳት ምን ያደርግልሻል?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «ምን እንደሚያደርግ ላየው ነዋ!» ነበር መልሳቸው።

ጋሽ ቀስን ያስቸገረው እትዬ እንፋሎት መንዳት አለመቻላቸው ሳይሆን ጥያቄያቸው ነው።

«መምህር፣ ፍሪሲዮኑን ስረግጠው ውስጥ ምን ይሆናል?»

«ማርሹ ይገባልዎታል።»

«እሱማ ውጭ የሚታየው ነው። ውስጥስ?»

«እናቴ፣ እርስዎ ይርገጡት ብቻ!»

«ልረግጠውማ እረግጠዋለሁ፤ ግን የማላውቀውን ነገር ርገጥ ስለው እግሬ እሺ አይለኝም።»

እውነትም እሺ አይላቸውም ነበር። መኪናዋ እንደ ጥንቸል ሁለት ጊዜ ትዘልና ሞተሯ ይጠፋል። ጋሽ ቀስም «ቀስ!» ይላል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አጥንት ድረስ በሚዘልቅ ብርድ፣ እትዬ እንፋሎት መሪው ጋ ተቀመጡና ከምንም በፊት የሱፍ ጓንታቸውን አውልቀው መዳፋቸውን አየር መውጫው ፊት ዘረጉ። ቆዩ። ገልበጥ አድርገው ደግሞ በእጃቸው ጀርባ ሞከሩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማሞቂያ ነዋ።»

«ማንን ነው የሚያሞቀው?»

«አርጅቶ ነው፣ ይተዉት። ቀበቶ ይታጠቁ፣ መስታወት ያስተካክሉ።»

ታጠቁ፣ አስተካከሉ፣ መኪናዋም ሁለቴ ዘላ ተነሳች። ግን ሐሳባቸው መንገዱ ላይ አልነበረም። ማርሽ በቀየሩ ቁጥር ቀኝ እጃቸው ወደ አየር መውጫው ደርሶ ይመለሳል። ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ «አሁን ቀዘቀዘ» አሉ ለራሳቸው። የገበያውን ዳገት ሲወጡ ደግሞ ሞተሩ እያጓራ ሳለ ድንገት ጮኹ።

«ሞቀ! መምህር፣ ሞቀ እኮ! እጅህን አምጣ!»

ጋሽ ቀስ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር። ግን እጁ ከአፉ ቀደመ። እውነትም አየሩ ሞቅ ብሏል። ብዙ አይደለም፣ ግን ሞቅ ብሏል። ዳገቱ አልቆ አደባባዩ ጋ ቀይ መብራት ሲይዛቸውና ሞተሩ ሲያርፍ ተመልሶ ለብ አለ። ሁለት የብርድ ወቅት ሙሉ በዚህ መኪና ውስጥ ውሎ አንድ ቀን ይህን አላስተዋለም።

«ሲያጓራ ይሞቃል፣ ሲያርፍ ይበርዳል» አሉ እትዬ እንፋሎት። «እንግዲያው ሙቀቱ አለ ማለት ነው። እኛ ጋ ለመድረስ ነው አቅም ያጣው። ለምን ይመስልሃል?»

ከኋላቸው ያለው መኪና ጥሩንባውን ነፋ። መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ቆይቷል። ጋሽ ቀስ «ቀስ!» ማለቱን ረስቶ እጁን አየር መውጫው ላይ እንዳደረገ ነበር።

«ጥግ ይያዙ እስቲ» አለ።

እትዬ እንፋሎት አሥራ አራት ትምህርት ሙሉ አልሆንላቸው ያለውን ጥግ መያዝ ያን ቀን በአንድ እጥፋት፣ ከእግረኛው ጠርዝ አንድ ስንዝር ላይ፣ ቀጥ አድርገው ያዙት። ቸኩለው ነበራ።

ኮፈኑ ተከፈተ። ሞተሩ እየሠራ፣ ትኩስ ጎማና አቧራ እየሸተተ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ጎንበስ አሉ። እትዬ እንፋሎት እንደ ሰው ፊት ነበር የሚያዩት። ትልልቆቹን ቱቦዎች በዓይናቸው ተከትለው ከፊት ያለው ራዲያተር ጋ አደረሷቸው፣ ተመለሱ፣ ከዚያ ከሞተሩ ጀርባ ወደ መቀመጫው በኩል ግድግዳውን በስተው የሚገቡ ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች አዩ።

«እነዚህ ሁለቱ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

ጋሽ ቀስ ቱቦዎቹን በዓይኑ ተከተለ። ሃያ ዓመት ኮፈን እየከፈተ ዘይትና ውሃ ሲያሳይ ኖሯል፤ እነዚያን ሁለት ቱቦዎች ግን ቆጥሯቸው አያውቅም። «ወደ ውስጥ» አለ በመጨረሻ፤ ራሱም መልሱ አሳፈረው።

«ወደ ውስጥማ ከሆነ ማሞቂያው ነው። አንዱ የሚሄድ ነው፣ አንዱ የሚመለስ።» የመጀመሪያውን በሁለት ጣት ነካ አድርገው እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ። «ኧፍ!» ከዚያ ሁለተኛውን ነኩ። በጣት ጀመሩ፣ በመዳፍ ጨበጡት፣ ጨብጠውም እንደ ያዙት ቆመው አወሩ።

«እኛ ጋ አንሶላ የሚተኩስ ትልቅ ሲሊንደር ነበር፤ እንፋሎት በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል። አንድ ጊዜ ለብ አለና አንሶላው እርጥብ እየሆነ አስቸገረ። መሐንዲሱ መጣ፣ ወረቀት ገለጠ፣ ሄደ። እኔ መግቢያውንና መውጫውን ነካሁ። የሚገባው ትኩስ፣ የሚወጣው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ልጄ፣ መሀል መንገድ ላይ አንድ ነገር ተኝቷል ማለት ነው።»

«ምን?»

«እሱን ነው ማየት የምፈልገው» አሉ፤ ዓይናቸው በራ።

የዕለቱ ትምህርት እዚያ ላይ አበቃ። መካኒኩ ጋ የሄዱት በጋሽ ቀስ ሐሳብ ይሁን በእትዬ እንፋሎት በኋላ ላይ ሁለቱም አልተስማሙበትም።

መካኒኩ የሆነውን ሰምቶ ፈገግ አለ። «እናት፣ የልብስ ማጠቢያ ሌላ፣ መኪና ሌላ።»

«ውሃ ግን ውሃ ነው» አሉ። «ንካቸው።»

ነካቸው። ፈገግታው ጠፋ። እንደገና ነካቸው፤ ከዚያ ወደ ጋሽ ቀስ ሳያይ፣ «ከዳሽቦርዱ ሥር አንዲት ትንሽ ራዲያተር አለች፤ ሙቁ ውሃ በሷ ሲያልፍ ነው አየሩ የሚሞቀው። እሷ ተወትፋ ይሆናል» አለ። «መጀመሪያም ጠርጥሬ ነበር።»

«ጠርጥረህ ነው ማራገቢያ የቀየርከው?» አለ ጋሽ ቀስ።

«ነገር አታምጣ፣ ካቻቢቴ አቀብለኝ።»

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። ከዚያ መካኒኩ የሁለቱን ቱቦዎች ማሰሪያ ፈታ፣ ነቀላቸው፣ ከቧንቧ የሚመጣውን የውሃ ጎማ በመግቢያው በኩል ሊሰካ ሲል እትዬ እንፋሎት ክንዱን ያዙት።

«በመውጫው በኩል አድርገው። የተወተፈን ነገር በገባበት ብትገፋው ይበልጥ ይጠቀጠቃል። በመጣበት ነው የሚመለሰው።»

በመውጫው ሰካው። ሳፋ ከሥር ተደረገ። ውሃው መጀመሪያ የዛገ፣ እንደ ጭቃ ሆኖ ቀስ ብሎ ወጣ። ከዚያ ቆመ። ጎማው አበጠ፣ መካኒኩ ትንሽ ለቀቅ፣ ትንሽ ጨመቅ አደረገው። ቧንቧው ውስጥ አንድ ነገር ሳል የመሰለ ድምፅ አሰማና ተፋው፤ ሳፋው ውስጥ ወፈር ያለ ነገር ጠብ፣ ጠብ አለ። ሌላ መጣ። ሌላ። ሦስት ሰዎች ሳፋውን ከበው ቁጢጥ አሉ።

እንደ አሮጌ ላስቲክ የሚለጠጥ፣ ነጭ ሆኖ ዝገት ያቀለመው ቁርጥራጭ ነበር።

«ዝቃጭ ነው» አለ መካኒኩ።

«ዝቃጭ እንዲህ አይሳብም» አለ ጋሽ ቀስ፤ አንዱን በሁለት ጣቱ ሳብ አድርጎ። «ጎማ ይሆን? ከቱቦው የተላጠ?»

እትዬ እንፋሎት አንዱን አንስተው በመዳፋቸው ላይ በንጹህ ውሃ አጠቡት፣ ወደ ብርሃን አደረጉት፣ አሸተቱት፣ በአውራ ጣታቸው አሹት። ከዚያ ሳቁ።

«እንቁላል ነው።»

«ኧረ እናት!»

«ሠላሳ አንድ ዓመት የበሽተኛ ፒጃማ ያጠበ ሰው እንቁላል አይጠፋውም! እንቁላል የነካው ልብስ በቀዝቃዛ ነው የሚታጠበው። ፍል ውሃ ከነካው እዚያው ጨርቁ ላይ ይበስልና ልክ እንደዚህ ይሆናል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ስንት ቀሚስ ነው ያበላሹብኝ!»

ሳፋውን ሲያማስሉ ከሥሩ የጥፍር ታህል ቅርፊት አገኙ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

መካኒኩ ጭንቅላቱን አከከ። «የድሮ ሾፌሮች ዘዴ ነው። ራዲያተር መንገድ ላይ ሲያፈስ እንቁላል ይሰብሩበታል። ነጩ ከሙቁ ውሃ ጋር ሲዞር ይበስልና ቀዳዳውን ይደፍናል።»

«ቀዳዳውን ብቻ?» አሉ እትዬ እንፋሎት።

«እንቁላል ቀዳዳ አይመርጥም፣ እናት። ያገኘውን ሁሉ ነው የሚደፍን።»

ጋሽ ቀስ ቀና ብሎ አየው። «አንተ ነህ?»

«ልጆቼን! እኔ እንቁላል የምከተው አፌ ውስጥ ነው።»

«እና ማነው? መኪናዋን አዲስ ሆና ነው የገዛኋት። ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ወንድሜ ለሠርጉ ሲለምነኝ እንኳ ራሴ ነኝ የነዳሁለት።»

«ማሞቂያው የደከመው መቼ ነው?» አሉ እትዬ እንፋሎት።

አሰበ። «ካቻምና። እግሬን ተሰብሬ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፤ ወጥቼ መንዳት ስጀምር ነው ለብ ያለው። ብዙ ቀን ስለቆመች መስሎኝ ነበር።»

«አንተ ስትተኛ የት ነበረች?»

«ግቢ ውስጥ፣ ቆማ።»

«የቆመች መኪና እንቁላል አትጥልም።»

መካኒኩ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ቀስ አልሳቀም።

«ቁልፉስ?» አሉ።

«ቤት። ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ።»

«ቤትስ ማን ነበር?»

«ባለቤቴ ናት። እሷ ግን አትነዳም።»

እትዬ እንፋሎት እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ቀስ ብለው ተነሱ። «አትነዳም ነው፣ ወይስ አይተሃት አታውቅም?» አሉት። ለማሳጣት አልነበረም፤ ስለ ቱቦዎቹ ሲጠይቁ በነበረበት ድምፅ ነው የጠየቁት።

ጋሽ ቀስ ካቻቢቴውን አንስቶ ለመካኒኩ አቀበለው። ቱቦዎቹ ታሰሩ፣ አዲስ ውሃ ተሞላ፣ ሞተሩ ተነሣ። ከደቂቃዎች በኋላ ከአየር መውጫው እጅ የሚያስሸሽ ትኩስ አየር ወጣና የፊት መስታወቱ ጉም ከታች ወደ ላይ ተገፈፈ። እትዬ እንፋሎት እንደ ልጅ እጃቸውን አጨበጨቡ። ጋሽ ቀስ ግን ከሳፋው ጥቂት ቁርጥራጭ ለቅሞ በባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ከተተና ኪሱ አስገባ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከመንገድ ወደ ቤት ሲገባ ያለችው የፊት ክፍል ሥራ ቤቷ ነች፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ግድግዳው ላይ በየመስቀያው የሰው ልብስ፣ ወለሉ ላይ የክር ቁርጥራጭ።

በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት መንዳት ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ኋላ ስትሄድ የጎረቤት አጥር ገጨች፤ እሱም ያለ የሌለ ድምፁን አውጥቶ ጮኸ። እሷ ሞተሩን አጥፍታ፣ ቁልፉን መቀመጫው ላይ አስቀምጣ፣ ወርዳ በእግሯ ወደ ቤት ሄደች። ማታ ላይ በሁለት ቃል ተስማሙ፦ የመንዳት ነገር ከዚህ በኋላ በመሀላቸው አይነሣም። አሥራ ሁለት ዓመት አልተነሣም። እሱ ፈርታ ነው ብሎ ያስብ ነበር።

ያን ቀን ለምሳ ሲገባ አንድ የሱሪ ጫፍ እያጠፈች፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ነበር። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ ከመኪናዋ ማሞቂያ ውስጥ ወጣ።»

አየችው። ጠርሙሱን አንስታ ወዘወዘችው። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካች።

«እስካሁን አለ እንዴ?» አለች።

ጋሽ ቀስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እናቴ ታማብኝ ነበር» አለች። «አንተ እግርህን ተሰቅለህ ተኝተሃል። አውቶቡሱ የሚነሣው በማግሥቱ ነው ተባልኩ። ስልኩ ላይ ድምጿ አላማረኝም። ቁልፉን አየሁት፣ አወረድኩት፣ ሄድኩ።»

«ያለ መንጃ ፈቃድ?»

መሳቢያውን ሳበች። ከዚፖችና ከቁልፎች ሥር አንድ ካርድ አውጥታ ከጠርሙሱ አጠገብ አኖረችው። ፎቶዋ አለበት። የወጣበት ዓመት ከስብራቱ ሦስት ዓመት ይቀድማል።

«ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ከአደባባዩ ማዶ ያለው ማሰልጠኛ። ዝም ብሎ የሚያስተምረው ሰውዬ።»

ጋሽ ቀስ ሰውዬውን ያውቀዋል። «እሱ እኮ እንቅልፋም ነው! ተማሪ እየነዳ የሚያንቀላፋ ሰው!»

«አያንቀላፋም። ዝም ነው የሚለው። ስሳሳት ዝም ይላል፣ ራሴው አገኘዋለሁ።»

«ለምን?» አለ፤ ድምፁ ሳይታወቀው ከፍ አለ። «ለምን ሄድሽ? ደግሞ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ማወቅ ፈልጌ ነዋ። የማልችለው እኔ ነኝ ወይስ ማስተማር የማትችለው አንተ ነህ የሚለውን።» የሱሪውን ጫፍ በጣቷ አለሰለሰችው። «በመጀመሪያው ፈተና አለፍኩ። ከዚያ መልሱን ይዤ ቤት ስመጣ፣ ለአንተ ብነግርህ ምን እንደሚሰማህ አሰብኩ። ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ። ነገር በሰዓቱ ካልተነገረ እየቆየ ይከብዳል።»

ተነሥቶ ወጣ። በሩን አልወረወረም። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ከአስተማሪው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አንድ የማያውቀው ሰው እዚያ መሪው ጋ ተቀምጦ የነበረ ይመስል ወደ ግራ አየ። ተናዶ ነበር፤ አፍሮም ነበር። ግን ከሁለቱም በላይ አንድ ነገር እንደ ትንኝ ጆሮው ሥር ይዞረው ጀመር። ወደ እናቷ የሚወስደውን መንገድ ያውቀዋል። መሀሉ ላይ ያለው ጠመዝማዛ ዳገት ነባር ሾፌር የሚያስጨንቅ ነው።

ተመልሶ ገባ። እሷ እንደነበረች ነች።

«ዳገቱን በስንተኛ ማርሽ ወጣሽው?»

ቀና ብላ አየችው። እየተቆጣ አልነበረም።

«በሁለተኛ። መጨረሻው እጥፋት ላይ በአንደኛ።»

«በአንደኛ ጥሩ ነው» አለ። ተቀመጠ። «እና የት ላይ ነው የሞቀብሽ?»

«ዳገቱን ከጨረስኩ በኋላ። የሙቀቱ መርፌ ወጣ፣ ወጣና ከፊት እንፋሎት ጨሰ። ጥግ ያዝኩ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አለፈኝና ወደ ኋላ ተመለሰ። ከላይ ‹ለማጅ› የሚለውን ሰሌዳ አላወረድኩትም እኮ። ወርዶ ዙሪያውን ሲያይ ቆየና ‹እህቴ፣ አስተማሪሽ የት ሄደ?› አለኝ። ‹ሆስፒታል ተኝቷል› አልኩት። ትንሽ አሰበና ‹አንቺ ነሽ ያስገባሽው?› አለኝ።»

ጋሽ ቀስ እንዳይስቅ ታገለ፤ አልቻለም። እሷም ሳቀች። ሳቁ ከወጣ በኋላ ክፍሏ ቀለል አለች።

«ለእናቴ አንድ ትሪ እንቁላል ይዤ ነበር። አይቶት ‹መድኃኒቱን ይዘሽ ነው እንዴ የምትጨነቂው?› አለ። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ስድስት እንቁላል ሰበርኩ። ነጩን ብቻ አለኝ። አንድ ቅርፊት ከእጄ አምልጦ ገብቷል።»

«አገኘነው» አለ። ከዚያ፣ «አስኳሉንስ ምን አደረግሽው?»

«ምን?»

«ስድስት አስኳል። የት ደፋሽው?»

«አልደፋሁትም፤ በውሃ ጠርሙስ አድርጌ ወሰድኩላት። እሱን በልቼ ነው የዳንኩት ብላ ታምናለች።»

ምሳው ቀዘቀዘ። እሱ ግን ጥያቄው አላለቀም፤ ነዳጅ የት ሞላሽ፣ ስትመለሺ ዝናብ ነበር ወይ፣ ድልድዩ ጋ ማን ቅድሚያ ሰጠሽ። እሷም ለሁለት ዓመት የሚሰማው ያጣ ታሪክ ነበራትና እያንዳንዱን እጥፋት ሳይቀር ነገረችው።

በማግሥቱ ጠዋት መኪናዋ ሥር አንድ ኩሬ ተኝቶ አገኘ። አጎንብሶ ቢያይ ከራዲያተሩ ይንጠባጠባል። ጎንበስ እንዳለ ጠራት። ካፖርት ደርባ ወጣችና አጠገቡ ቁጢጥ ብላ፣ ሳትፈልግ ሳታመነታ፣ በግራ በኩል ከታች ጣቷን አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ነበር።»

እዚያው ነበር። ስድስቱ እንቁላል ማሞቂያውን ይዝጉት እንጂ ያንንም ቀዳዳ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዘውት ኖረዋል፤ አዲሱ ውሃ ከቦታቸው ሲያነሣቸው ቀዳዳው ተከፈተ። መካኒኩ ራዲያተሩን አውርዶ በየደው፤ ሁለት ቀን ፈጀበት። በእነዚያ ሁለት ቀናት እትዬ እንፋሎት ትምህርት ባይኖራቸውም ጋራዥ መጡ። ጥግ ላይ የተበተነ የሌላ መኪና ሞተር ነበር። ጋሽ ቀስ መካኒኩን «እስቲ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ውስጥ የሚሆነውን አሳየን» አለው።

«ለሳቸው?»

«ለኔም።»

መካኒኩ ሁለቱን የብረት ሳህኖች በእጁ አጋጥሞ አሳያቸው፤ ሲጣበቁ አብረው ይዞራሉ፣ ሲላቀቁ አንዱ ብቻውን። እትዬ እንፋሎት ወሰዱና ራሳቸው አጣበቁ፣ አላቀቁ፣ አጣበቁ። «ታዲያ ይሄን ከመጀመሪያው አትነግረኝም?» አሉ። በቀጣዩ ሳምንት መኪናዋ አልዘለለችም። ከወር በኋላም ፈተናውን አለፉ፤ ፈታኙን ስለ ፍሬን ዘይት ብዙ ጠይቀውት እንደነበር ግን ተሰምቷል።

የጋሽ ቀስ ድምፅ በአንድ ጊዜ አልወረደም። እንደለመደው ይጮሃል፤ አንዳንዴ ግን መሀል ላይ ያቋርጠውና «እሺ፣ አሁን ምን የሆነ ይመስልሃል?» ይላል፤ ተለማማጁም ከጩኸቱ ይልቅ በዚህ ይደነግጣል።

ራዲያተሩ ከተበየደ በኋላ በነበረው እሑድ ወደ አማቱ ቤት ሄዱ። የነዳችው ሚስቱ ናት። «ቦታውን አሳዪኝ» ያላት እሱ ነው። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ እጁ የበሩን መያዣ ጨበጠ፤ አንድም ቃል ግን አልወጣውም። ዳገቱ ካለቀ በኋላ ጥግ ያዘችና በአገጯ አሳየችው። መንገድ ዳር ነው፤ ጠጠር፣ ደረቅ ሣር፣ የውሃ መውረጃ ቦይ። ወርዶ ዞር ዞር አለ።

«የጭነት መኪናው የት ነበር የቆመው?»

«ከፊት። እዚያ ድንጋዩ ጋ።»

«አንቺስ ፊትሽን ወዴት አድርገሽ ነበር?»

«እንዳሁኑ። ግባ በቃ፣ ትጠብቀናለች!»

አማቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ልጃቸው ከመሪው በኩል፣ አማቻቸው ከሌላው በኩል ሲወርዱ አዩና ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ደረስክበት ማለት ነው?» አሉት።

«ደረስኩበት።»

«እሰይ! ሁለት ዓመት ሙሉ ምላሴ ላይ ይዤው ደክሞኝ ነበር።»

ጋሽ ቀስ ሳማቸው፤ ከዚያ ቀና ብሎ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ሚስቱን አየ። «ሌላስ? ሌላ እኔ የማላውቀው ነገር አለ?»

እናትና ልጅ ተያዩ።

«ግቡ፣ ግቡ» አሉ እናትየው። «ብርድ ነው።»